አርባ ሦስት ሰው በአንድ ስልክ

ያ ቀይ ሳጥን ዛሬም ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል። ታብሌቱ ላይ የገበሬውን ስም፣ ዕድሜና የመሬት መጠን ከሞላሁ በኋላ «ስልክ ቁጥር» የሚል ሳጥን ይመጣል። ባዶ ከተውሁት ቀይ ይሆናል፤ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ስልክ የሌለው ገበሬ ገበሬ አይደለም ማለት ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ሁለት ዓመት ደባርቅ ላይ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ነበር። ገበሬውን በዲጂታል የሚመዘግቡ ወጣቶች ይፈለጋሉ ሲባል ማንም ሳይቀድመኝ ተመዘገብሁ። ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከላይ የመጡ አንድ ባለሙያ ግድግዳው ላይ በሚበራ ሥዕል አገሪቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ የት እንደምትደርስ አሳዩን። ገበሬው ከእንግዲህ ማዳበሪያ የሚያገኘው በትውውቅና በግፊያ ሳይሆን ስልኩ ላይ በሚላክለት ኮድ ነው አሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ብቻ እጄን አወጣሁና ስልክ የሌለውስ ብዬ ጠየቅሁ።

«ዕቅዱ ሲወጣ ያ ሁሉ ታስቦበታል፣ እህቴ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ።

በሻይ ሰዓት አስተባባሪያችን ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ስልክ ከሌላቸው የሚገኙበትን ቁጥር ሙዪ፣ ባዶ እንዳታመጪብኝ ብቻ አለኝ። ኮታ አለበት።

የደረሰኝ የተወለድሁበት መንደር ነው፤ ከቡይት ራስ ዝቅ ብሎ ገደሉ አፍ ላይ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እዚያ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ መንደር ስልክ ማለት የየኔታ ስልክ ነው። የኔታ ለቆሎ ተማሪዎች ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸውን በትንሽ ሶላር ይሞላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ የሚገኝበት ቋጥኝ ላይ ወጥተው ይቆማሉ። ጎንደር ያለ ልጅ ቢደውል፣ ከጤና ጣቢያ ቀጠሮ ቢመጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለየባለቤቱ ያደርሳሉ። የአንድ ሰው መልእክት ጠፍቶባቸው አያውቅም። እኒያ ባለሙያ ሲስተም ሊያመጡልን ሲደክሙ እኛ ዘንድ ሲስተም ነበረ።

ስለዚህ ቁጥራችሁን ስላቸው ሁሉም የየኔታን ሰጡኝ። ውሸት አይደለም፤ ቁጥራቸው እሱ ነው። መጀመሪያ እናቴን መዘገብሁ፤ ያረፍሁት እሷ ደጃፍ ነበርና። ከዚያ ጎረቤቶቿን፣ ከዚያ ከወንዙ ማዶ ያሉትን። በአንድ ቀን አርባ ሦስት ሰው። ደባርቅ ተመልሼ ታብሌቱን ከኢንተርኔት ሳገናኘው ሁሉም ተላከ። አስተባባሪው በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አመሰገነኝ፤ የጭብጨባው ምልክት ዘነበልኝ። እኔም እንደ ቂል ፈነደቅሁ።

ሰኔ ገባ። የየኔታ ስልክ ላይ መልእክት መጣ፤ አንድ ብቻ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሲያነቡት የእናቴ ስም ሆነ፤ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ ትውሰድ የሚል። የሌሎቹም ይመጣል ብላ ሄዳ በአህያ አስጭና ገባች። የሌሎቹ አልመጣም። መጋዘኑ ድረስ የሄዱትም ስማችሁ የለም ተብለው ተመለሱ።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ከየኔታ ጋር ደባርቅ ድረስ በእግሯ መጥታ። የሰጠኋትን ውሃ ሳትቀምስ አስቀመጠችውና፣ «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?» አለችኝ።

ጎረቤቶቿ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። የከፋውም ያ ነው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ በየዓመቱ በሬያቸውን ጠምደው መሬቷን የሚያርሱላት እነሱ ናቸው፣ እሷም በአረሙና በአጨዳው ትክሳቸዋለች። ዘንድሮ ተራዋ ሲደርስ የአንዱ በሬ ታመመ፣ ሌላው እግሩን እሾህ ወጋው፣ ሌላው ለቅሶ ሄደ። ማዳበሪያው ቤቷ ቆሟል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መሬቷ ጦሙን ያድራል። ሳምንት ካለፈ የገብሱ ጊዜ ያልቃል።

ሦስታችንም ግብርና ቢሮ ሄድን። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሲጎረጉር ቆይቶ ነገሩን አገኘው። አንድ ስልክ ማለት አንድ ገበሬ ነው። ሲስተሙ በአንድ ቁጥር የመጡትን አርባ ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ፣ መጀመሪያ የገባውን ስም አስቀርቷል። ይስተካከል ስለው ምዝገባው ተዘግቷል፣ የሚመጣው ዓመት አለኝ። እሺ፣ ከዚያ መንደር ስንት ሰው ተመዘገበ ብላችሁ ነው ሪፖርት ያደረጋችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ስክሪኑን አዞረልኝ። አርባ ሦስት። መቶ በመቶ፣ በአረንጓዴ።

በሪፖርት አርባ ሦስት፣ በማዳበሪያ አንድ! ጮህሁበት። ከአፌ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም። የኔታ እጄን ያዝ አደረጉኝና ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ አርባ ሦስት ሰው ከሆንሁ፣ ምነው የሚደርሰኝ የአንድ ሰው ሆነ?»

ሰውዬው ሳቀ፤ ደግነቱን ለማሳየት ነው። «ምን ላድርግ አባቴ፣ ሲስተሙ ነው» አላቸው። ሲስተሙ ከሰማይ የወረደ ይመስል። ያንን ሳጥን የሠራው ሰው ነው፣ ያጸደቀው ሰው ነው፤ አንዳቸውም መንደራችንን አይተው አያውቁም። የሞላሁት ግን እኔ ነኝ። ይህም ያንገበግበኛል።

እሑድ መንደር ሄጄ ቅዳሴው እንዳለቀ ዓውደ ምሕረቱ ፊት ቆሜ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። አንዲት ባልቴት ከበስተኋላ፣ «ለእናትሽ ሲሆን ጣትሽ አልሳተም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እናቴ ከረጢቱን እንዳለ በአህያ አምጥታው ኖሮ፣ ከቅጥሩ ውጭ አውርዳ ፈታችውና በጣሳ መስፈር ጀመረች። ለአንድ ሰው የምትደርሰው ለጓሮ ጎመን እንኳ አትበቃም። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል እንጂ የሚቀርብ ጠፋ። በመጨረሻ የኔታ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው ድርሻቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ባልቴቷም መጡ።

ማክሰኞ ጠዋት በሬው ታሞብኛል ያለው ጎረቤት ጥማዱን እየነዳ ብቅ አለ። እናቴ በሬው እንዴት ነው አለችው። ተሽሎታል አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። ቀንበሩን አስተካክሎ አንድ ትልም ካወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ አርባ ሦስታችን አንድ ሰው ነን ተባልን አይደል? እንግዲህ የማርሰው የራሴን መሬት ነው።»

እናቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቆፈሮዬን ይዤ ጓል እየከሰከስሁ ተከተልሁት፤ በያንዳንዱ ጓል ላይ ያ ቀይ ሳጥን እየታየኝ ነበር የምመታው።