ትምህርት ቤቱ ቤታችን በሆነበት መስከረም

ባለፈው ሳምንት የልጄን ዩኒፎርም ሳራግፍ የጠመኔ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አስነጠሰኝ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሲጠረግ የሚሸተው እንዲህ ነበር።

አባቴ እስቴ ገጠር ውስጥ አስተማሪ ነበር። ከወንዙ ማዶ አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ባለ አንድ ክፍሉ አሮጌ ትምህርት ቤት ለእኛ መኖሪያ ተሰጠን። እናቴ ክፍሉን በመጋረጃ ለሁለት ከፈለችው። ጥቁር ሰሌዳው ግን ከግድግዳው አልላቀቅ ስላለ ከአልጋዬ ራስጌ ቀረ፤ እኔም የዶሮዎቻችንን ስም ጻፍሁበት።

በመስከረም የመጀመሪያው ሰኞ፣ ቁርስ ላይ ሳለን አንዲት ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከእኔ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ቀሚሷን ጠል አርሶታል። ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደያዘች "ደኅና አደራችሁ" ብላ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ሳቋ አመለጣት።

"ትምህርት ቤቱ እኮ ማዶ ተሻግሯል፤ አልነገሩሽም?" አላት አባቴ።

"አባቴ 'ከዚህ ከራቀ ትቀሪያለሽ' ብሎኛል" አለች፣ ከመደቡ ሳትነሣ።

እናቴ ሳቋን አቆመች። ቆሎ ዘግና ሰጠቻትና ወደ አባቴ ዞረች። "ልጃችንን ጠዋት ጠዋት የምታሻግራት አንተው አይደለህ? እሷንም አብረህ አሻግራት። ማታ ማታ እዚሁ ትደር።"

አባቴ መልእክት ላከ። ከሰዓት በኋላ የልጅቱ አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ። ይዘዋት የሚሄዱ መስሎኝ ከመጋረጃው ኋላ ደበቅኋት። እሳቸው ግን የቤቱን ምሰሶ በእጃቸው ዳበሱ።

"ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ይህንን ከቆላ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ መምህር።"

"እንግዲያስ ቤቱ የእርስዎም ነው" አላቸው አባቴ።

ዱላቸውን ምሰሶው ላይ አስደገፉ። "እንዲያ ከሆነማ ልጄ ከቤቷ አልወጣችም። ወንዙ ሲሞላ ብቻ እጇን እንዳትለቋት።"

ስምንተኛን እስክትጨርስ አብራን ኖረች። በመጀመሪያው ቀን ስሕተቴን አርማ የዶሮዎቹን ስም አሥር አሥር ጊዜ አስጻፈችኝ። አኩርፌ አልጋዬን ላለማካፈል ዛትሁ፤ ሲመሽ ግን ብርዱ አስታረቀን።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ያ ቤት ተዘግቷል። እሷ ዛሬ ንፋስ መውጫ ነርስ ናት፤ እናቴንም ወስዳ እየጦረቻት ነው። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ እሑድ እሑድ እደውላለሁ።

"እማዬ፣ የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ፣ ልጄ ቤት ነኛ" ትለኛለች።

ትንሽ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ግን "እስቲ እህቴን አገናኚኝ" ሳልላት ቀርቼ አላውቅም።