ሁለተኛው ዓይን

በዚያን ቀን በግቢው የነበርነው፦ ሠዓሊው መምህሬ፣ ባለቤታቸው፣ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አረጋዊ መሪጌታ፣ ቀለም የምበጠብጠው እኔ፤ ከውጭ የመጡት ደግሞ አንድ የጣሊያን መኮንን፣ ሁለት ወታደሮቹና አስተርጓሚው ናቸው። ግቢው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ነበረ። ስለዚህ ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዘመኑ ካህን መሆን የሚያስጠረጥርበት ነበር። በገዳም መነኮሳት ተረሽነዋል፤ ወሬውን ጮክ ብሎ የሚያወራ ግን አልነበረም። መምህሬ ግድያውን በሸራ ሣሉት። ጥንት በአላዊ ንጉሥ ዘመን የተሠዉ ናቸው እንዲባል፣ ገዳዮቹን በጠመንጃ ፈንታ ጦር አስያዟቸው። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ከሓዲና ገዳይ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ቤተ ክርስቲያን ስሞ የሚመለስ ሁሉ ያውቀዋል። መኮንኑ አያውቅም።

ሸራውን ዞሮ አየና ወደደው።

«እኔንም ከመነኮሳቱ አጠገብ ጠባቂያቸው አድርገህ ሣለኝ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ጠባቂያቸው! መኮንኑ ሣጥን ላይ ተቀመጠና በገዛ እጁ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። በአገሩ ሳንቲም ላይ ንጉሥ የሚቀረጸው እንደዚያ ነው። መምህሬም እንደ አቀማመጡ በአንድ ዓይን ሣሉት። ባለቤታቸው ሳቃቸውን በነጠላ ጫፍ አፈኑ። አስተርጓሚው የደብር ልጅ ነው፤ ገብቶታል፤ ለመኮንኑ ግን አልነገረውም።

ሥዕሉ ሲያልቅ ወታደሮቹ ወደ በር አመሩ። መኮንኑ ግን ሸራው ፊት ቆሞ ቀረ። መሪጌታው የሚራመድ ጫማ ሰምተው ሁሉም የሄዱ መሰላቸው።

«ልጄ፣ ለዚያ ነጭ ስንት ዓይን ሰጠኸው?»

መምህሬ ወደ መኮንኑ ተመለከቱ።

«ዝም አልህ? አንድ ነው በለኛ! እሰይ! ከሄሮድስ ጭፍሮች ጋር ተሰለፈ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

መኮንኑ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ሽማግሌው ይቀባጥራል በሚል ዓይነት እጁን አወናጨፈ። መኮንኑ ሽጉጡን ነካ አደረገ። ያን ጊዜ አስተርጓሚው ሁሉንም ነገረው።

«ፊት ለፊት አዙረህ ሁለተኛውን ዓይን ጨምርልኝ፣ ትተርፋለህ ይላል» አለ ወደ መምህሬ ተመልሶ፤ ቀጥሎ በራሱ ድምፅ፣ «ኧረ አለቃ፣ በእመብርሃን! አንዲት ነጥብ ጣል ያድርጉለትና እንገላገል።»

«ይጨምሩለት እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው። «ዓይን ነው እንጂ ነፍስ አይደለም!»

መምህሬ ቡሩሹን በውኃ አጠቡት። «ለመነኮሳቱ የሰጠሁትን ለገዳያቸው ከሰጠሁ፣ ማን ማንን ገደለ ሊባል ነው?»

«የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰዱ!» እያሉ መሪጌታው አየሩን ዳሰሱ። ወታደሮቹ ሁለቱንም ወሰዷቸው። መኮንኑ የገዛ ፊቱን ከሸራው ላይ በካራ ቀድዶ ኪሱ ከተተ።

ሁለቱም አልተመለሱም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም። ጠላት ከወጣ በኋላ ሸራውን የሚገዛ ቢመጣም ባለቤታቸው አልሸጡትም፤ አልሰቀሉትምም። አንዳንዴ ይዘረጉትና መነኮሳቱ በሁለት ዓይናቸው የሚያዩትን ያን ቀዳዳ በጣታቸው ይዞሩታል። «አንዲት ነጥብ» ይላሉ። ባላቸውን ይቅር ሳይሏቸው አረፉ። እኔም መምህሬ ትክክል ናቸው ልላቸው ወይም ተሳስተዋል ልላቸው አልደፈርሁም።

ከግቢው አራት ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ የቀረነው ሁለት ነበርን። አሁን አንድ።