የጋሼ ዘጠኝ አሃዝ

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ሠላሳ ዓመት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ማካፈል አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ያለሁት እኔው ነበርኩ። በማግስቱ ደብተር ገዝቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ 982451653 ብሎ ጻፈ። በልጅነቱ ያስተማሩት መምህር "አካፋይ ካለው ፈልገህ ንገረኝ" ብለው የሰጡት ቁጥር ነው፤ መልሱን ሳይነግራቸው ሞተውበታል።

"ከአንድና ከራሱ ሌላ የሚያካፍለው ይኑር አይኑር ሳላውቅ አልሞትም" አለኝ።

"ጉድ ነው! ሌላ ሥራ ጠፍቶ?" አልኩት። አፌ ድሮም አያርፍም።

ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ረጅም ነው እንጂ። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያሉ እስከ ሠላሳ አንድ ሺህ ምናምን ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከአንድና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ በሌላቸው ሁሉ ማካፈል ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ቀሪ ያካፈለው ካልተገኘ ከዚያ በላይም አይገኝም። ቁጥሮቹ ታዲያ ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ ይበልጣሉ። ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ስልክ ላይ ነካ ነካ አድርጎ ማስላት የለም፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እያለ በእርሳስ ነው።

በዓመቱ አንደኛው ደብተር ሲያልቅ ዓይኑን ታክሞ በፋሻ ታስሮ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቁጥሩን እኔ ገለበጥኩለት።

"አሃዞቹን ደምሪያቸው፤ መጨረሻ ላይ ሰባት ከመጣልሽ ልክ ነሽ" አለኝ። ደመርኩ፦ አርባ ሦስት፤ አራትና ሦስት ሰባት። "ጎበዝ!" አለኝ። ተማሪዎቹንም እንዲሁ ነበር የሚያሳርማቸው። ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው አይወድም፤ ሁልጊዜ ከደብተሩ እያየ ነው የሚሠራው።

ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ አፍንጫው ወረቀት ይነካ ጀመር። በኋላ ጨርሶ ጨለመበትና ቁጥሩን ከደብተሩ እያነበብኩለት፣ እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። በመጨረሻዋም ስናካፍለው ቀሪ ተረፈ፤ አካፋይ የለውም ማለት ነው። እኔ እልል አልኩ፤ እሱ አለቀሰ።

"በይ አሁን አንቺም አንዷን ሞክሪያት። በሰባት አካፍይ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሠርቼዋለሁ፣ አንድ ይተርፍሻል" አለኝ።

ቁጥሩን ከመጨረሻው ደብተር ወስጄ አካፈልኩ። "ምንም አልተረፈኝም ጋሼ።"

"ድሮም ማካፈል አይሆንልሽ!" ብሎ ሳቀ። ደገምኩት፤ ዜሮ። ሦስተኛም ዜሮ። ሳቁን አቆመ።

"አንደኛውን ደብተር አምጪና ቁጥሩን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ።"

ምነው ባላነበብኩ! "ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ አንድ፣ ስድስት..."

"ሁለተኛውንስ?"

"...አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አንድ..." አንድና ስድስትን አቀያይሬ ነበር የጻፍኩት። ድምሩ ያው ሰባት ነው፤ ቦታ መለዋወጣቸውን ድምር ከየት ያውቃል! ሌሎቹ ደብተሮች በሙሉ ከዚህ የተገለበጡ ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ዓይኑን የጨረሰው ሰባት በሚያካፍለው በእኔ ስሕተት ላይ ነው። እጄን ቢቆርጡት ደስ ባለኝ።

አልጮኸብኝም። ምነው በሰደበኝ፣ ምነው ደብተሩን ፊቴ ላይ በወረወረው!

"ያኛውስ ታዲያ?" አለኝ። "የመምህሬ ቁጥር ይካፈላል አይካፈልም?"

"እንጃ ጋሼ።"

"እኔም እንጃ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።