የዘሀራ ተቀጽላዎች

ደባርቅ ላይ ዘሀራን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ መንገዱ ዳር ዳቦ ቤት ነበራት። የጡብ ፉርኖዋ በእንጨት የሚነድ ስለሆነ፣ ውርጭ በመታን ጠዋት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ግድግዳዋን እየተደገፈ ይሞቅ ነበር። የእኔና የእሷ ግቢ የሚለየው በአጥር ብቻ ነው። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ግን ልጆቼ ከእሷ ዘንድ ከዋሉ የት ገቡ ብዬ አልፈልጋቸውም። እሷ ልጅ አልወለደችም።

ባሏ ባሽር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪናውን ይዞ ከጎንደር ይነሳና በዳባት በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ይወርዳል፤ አዲ አርቃይ አራግፎ ይመለሳል። ወሬ የማያበዛ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ረጅም ሰው ነው። ጭነቱን በሸራ ሲሸፍን አስተሳሰሩ የራሱ ብቻ ነበር። ገመዱን ሁለት ጊዜ ያዞርና ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቀዋል። ረዳቶቹ መፍታት እያቃታቸው እሱኑ ይጠሩታል።

አንድ መስከረም ከሊማሊሞ ሲመለስ ከጋቢናው አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ ወረደ። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ተክል ተጣብቃለች፤ ቅጠሏ እንደ ቆዳ የወፈረ፣ ሥሯ እንደ ሰው ጣት እየተንጠለጠለ በአየር ላይ የቀረ።

“ዛፉ ወድቆ መንገድ ዘግቶብን ነው ያገኘኋት። አፈር አትፈልግም አሉኝ” አላት።

“ታዲያ ምን ትበላለች?”

“እንጃ። አንቺ ታውቂላት እንደሆነ ብዬ አመጣሁልሽ።”

በኋላ የከተማ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኦርኪድ ሲሉት ሰምቻለሁ። እኛ በዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሁሉ ተቀጽላ ነው የምንለው። ተቀጽላ ደግሞ ደብተራ ለመድኃኒትም፣ ስሙ ለማይነሳ ነገርም የሚፈልገው ስለሆነ፣ ሰው ከቤቱ አይሰቅለውም። ይህን ስነግራት ሳቀች።

“በለጡ፣ ይች ደግሞ ማንን ትጎዳለች?” አለችኝ።

የደባርቅ ብርድ ግን ለቆላ ተክል አይሆንም። በረንዳ ላይ በሰቀለቻት በሳምንቷ ቅጠሏ ተጨማደደ። ያኔ ዘሀራ ወደ ዳቦ ቤቱ አስገባቻትና ሊጡ ኩፍ ከሚልበት ጓዳ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀለቻት። ጓዳው ከፉርኖው ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ ቀንም ሌትም ለብ ያለ ነው። ከሥሯ በገበቴ ውኃ አስቀመጠች፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ እንዲወጣላት። የቧንቧ ውኃ እንደማይስማማት ስታይ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ጀመረች። ሥሩ ሲጠማ እንደ አመድ ይነጣል፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። ሳይደርቅ ከደገሙት ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራት፤ እያየች ነው የለመደችው።

በዓመቱ አበበች። አበባዋ ነጭ ነው፤ ከኋላው እንደ ጅራት የሚንጠለጠል ቀጭን ነገር አለው። ቀን ቀን ቢያሸቱት ምንም የለውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን የሎሚ አበባ የሚመስል፣ ከሎሚ አበባ ግን የከበደ ሽታ ጓዳውን ይሞላዋል። የመጀመሪያው ዕለት ጠርታኝ አሸተትሁት። ደስ ይላል ብያት ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። አንድ የማላየው ሰው አጠገቤ የቆመ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጣ። አገሩ በጦርነት ታመሰ። ኢዲዩ በዚህ፣ መንግሥት በዚያ፤ የሊማሊሞ መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ባሽር እህል ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ወረደ። ረዳቱ ታሞ ዳባት ስለቀረ ብቻውን ነበር። በዚያው አልተመለሰም።

መኪናውን ያገኙት ከኋላው የመጡ ወታደሮች ናቸው። ሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ዳር ይዞ ቆሟል፤ በሩ ዝግ፣ ቁልፉ እንደተሰካ፣ እህሉም እንዳለ። ደም የለ፣ የጥይት ቀዳዳ የለ። ገደሉን ጉም ሞልቶት ስለነበር ቁልቁል የተመለከተ የለም። መኪናውን ነድተው ደባርቅ አመጡት።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ወዲያው ፈረደ፤ “ሸፍቷል” አለ። ዘሀራን አሰሯት። ባልሽ የት ነው እያሉ ሲያመላልሷት ከርመው፣ ከተማውም ጦሩም ዳቦ ሲያጣ ለቀቋት። ስትመለስ ከስታለች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጓዳው ነው። ተክሏ አለች፤ እኔ ነበርሁ ውኃ የማጠጣት።

የሚቀጥለው መስከረም ገና ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ስሄድ የዳቦ ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በቁራጭ ሸራ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል።

“እኔ አልነካሁትም፣ በለጡ። አስተሳሰሩን እይው” አለችኝ።

አየሁት። ሲባጎው ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደብቋል።

እሷው ፈታችው። ውስጡ ከቅርንጫፍ በሚንጠለጠል እርጥብ የዛፍ ሽበት የተጠቀለለች፣ ከነቅርፊቷ የተቀነጠሰች ተቀጽላ ናት። ሥሯ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሊማሊሞ ጉም አልደረቀባትም።

“አለ!” አለችኝ ጆሮዬ ላይ። “ወላሂ አለ። በሕይወት አለ።”

እኔም አመንሁ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እንዲሁ መምጣት ጀመረ። አንዱ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው፣ አንዱ ቅጠሉ እንደ ሣር የቀጠነ፣ ሌላው እንደ መጀመሪያዋ ነጭ። ጓዳው ጣሪያው ድረስ ሞላ፤ ሊጥ ለማቡካት በሥሮቹ መሀል ጎንበስ ብለን ነበር የምንገባው። ሥሮቹ ፊታችንን ይዳብሱናል።

ያኔ ሰዓት እላፊ ነው። ቢራራ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ኬላ ሳይንቀሳቀስ ያድራል። በእኔ በኩል አድርጋ አስጠየቀችው።

“እንኳን ሰው ውሻም አላለፈ” አለኝ። “ለምን ጠየቅሽኝ?”

አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ የሞቀ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ደፉ ላይ አኖረችለት። ርቦት ይሆናል ብላ። ጠዋት ስናይ ተክሉ መጥቷል። ዳቦው ግን እንደነበረ ነው፤ ጨርቁ እንኳ አልተገለጠም። ዘሀራ ዳቦውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አለ የሚለውን ነገር እጠራጠር ጀመር።

ወሬው ደምለው ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቢራራን አስከትሎ መጣ። እኔ ዳቦ ልገዛ ቆሜ ነበር። በቀጥታ ጓዳ ገባና ቀና ብሎ ተመለከተ። አበቦቹ የሚሸቱበት ሰዓት ነበር።

“ይህን ማን ያመጣልሻል?”

“አላውቅም።”

“እንዲህ ያለው የሚበቅለው ሊማሊሞ ነው። ሊማሊሞ ያለው ደግሞ ሽፍታ ነው። ማነው ብየሻለሁ!”

“ባውቅማ ምን ነበረበት፣ ጓድ ደምለው” አለችው ቀስ ብላ። “እኔም እኮ የምፈልገው እሱን ነው።”

ደምለው አንዷን ከተሰቀለችበት በጥሶ ለቢራራ ሰጠና “ፉርኖ ውስጥ ጣላት” አለው። ቢራራ ወደ እኔ አየ፤ ምን አማራጭ ነበረው፣ ጣላት።

ወዲያው አልነደደችም። ሥሮቿ ውኃ የቋጠሩ ናቸውና እሳቱ ላይ ሆና ሲር አለች። ሲርታው ቀጠነ፣ ረዘመ፣ ሊያቆም አልቻለም። ሽታው በጭስ መውጫው ወጥቶ ሰፈሩን ሞላው። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። የማንም ውሻ አልጮኸም። ደምለው ሌላ ሊበጥስ ያነሳው እጁ በአየር ላይ ቀረ። ድንገት ወደ በሩ ዞረና “ማነው የጠራኝ?” አለ።

ማንም አልጠራውም ነበር።

“ማነው ስሜን የጠራው?” አለ ደግሞ። ፊቱ አመድ መስሏል። መልስ ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዳቦ እንኳ ሰው ልኮ ነው የሚያስገዛው።

መንገዱ ሰላም ባገኘ ጊዜ ዘሀራ “ሊማሊሞ ልወርድ ነው” አለችኝ። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ አብሬያት ሄድሁ። አንድ የጭነት መኪና የባሽር መኪና ተገኝቶበት ከነበረው መታጠፊያ ላይ አወረደን። ረፋድ ቢሆንም ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ መንገዱን ይልሰው ነበር። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ግንዱ ወደ ገደሉ ያዘመመ ትልቅ ወይራ ቆሟል። ቀረብን። በታችኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ቅርፊቱ ከነተቀጽላው የተላጠባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንዱ ጠባሳ አሮጌ ነው፤ አንዱ ግን ገና እርጥብ ነበር። ዘሀራ እጇን ጣል አደረገችበት።

“ባሽር!” ብላ ጮኸች ወደ ጉሙ።

ከታች እንጨት የተሸከሙ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ከሥር ካለችው መንደር ነው የሚኖሩት። የጠራችውን ስም ሰምተዋል። ሸክማቸውን አውርደው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

“የመኪናው ባለቤት ምኑ ነሽ ልጄ?”

“ሚስቱ ነኝ።”

አሮጊቷ ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን።

“ማንም አልገደለው” አሉ። “መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ከማዶ አይተነዋል። ዛፉ ላይ ወጥቶ የሆነ ነገር ሊቆርጥ ተንጠራራ። ክረምት ነው፣ ያዳልጣል። ጉሙ ሸፈነውና ከዚያ በኋላ አላየነውም። ባለቤቴ ነው ቆይቶ ከገደሉ ሥር ያገኘው። ያን ነገር በእጁ እንደጨበጠ ነበር። ያኔ ሬሳ አገኘሁ ያለ ሰው ገዳይ ነህ ይባላል። ፈርተን፣ በድብቅ፣ ከገደሉ አውጥተን ከዚህ ዛፍ ሥር አፈር አለበስነው። ይቅር በይን።”

ዘሀራ አላለቀሰችም። “ታዲያ አበባውን የምታመጡልኝ እናንተ ናችሁ?” አለቻቸው።

“የምን አበባ?”

ነገርኋቸው። አማተቡ።

“ባለቤቴ ካረፈ ዓመታት ሆኖታል። እኔም ደባርቅን ከረገጥሁ ቆየሁ። ወደዚህ ዛፍ ደግሞ የመንደራችን ሰው አይቀርብም፤ እኔም ዛሬ ጩኸት ሰምቼ ነው።” እርጥቡን ጠባሳ አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

በሳምንቱ ዘሀራ ሼሁንና ሽማግሌዎችን ይዛ ተመለሰች። መቃብሩን በድንጋይ ከበቡት፤ ሰገዱበት፤ ዱዓ ተደረገ። እሷም ወደ ደባርቅ ወጣች። ዳቦዋን ጋገረች፤ ተቀጽላዎቿን አጠጣች።

መስከረም ሲጠባ ጎህ ላይ መስኮቱን ከፈተች። ደፉ ባዶ ነበር። በማግሥቱም ባዶ ነበር። ልቅሶዋን የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ባሏ የሞተባት ገና ያን ዕለት እንደሆነ ሁሉ፣ ፉርኖው ሳይቀጣጠል፣ ከተማው ዳቦ ሳይበላ ዋለ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አብሯት ተቀመጠ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አህመድ የሚባል የዳባት እህል ነጋዴ አገባትና ወሰዳት። ደግ ሰው ነው። ተቀጽላዎቿን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መኪና ላይ ጫንን፤ ግማሾቹን የዳባት ንፋስ ገደላቸው፣ የቀሩትን ከማድ ቤቱ ጀርባ ሞቃት ክፍል ሠርቶ አኖረላት። ልጠይቃት ስሄድ የዝናብ ውኃ የሞላ በርሜል በራፉ ላይ አይቼ ደስ አለኝ። ደህና ኖራለች፤ ወፍራለችም።

አመሻሽ ላይ ግን ለአበቦቿ ውኃ ልታጠጣ ስትገባ አህመድ ወንበሩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ብርድ ነበር።

“ምነው፣ አይገቡም እንዴ?” አልሁት።

ጋቢውን ተከናነበ። “በዚህ ሰዓት አልገባም” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሁለት ሰው ሲያወራ መሀል መግባት ነውር ነው።”