ሸክም የማትችለው አህያ

ባኬ ጃማ ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የሰው እህል በአህያቸው ወደ ወፍጮ ቤት እያመላለሱ ይተዳደሩ ነበር። አንድ ጠዋት ገበያ መግቢያ ላይ ባጃጅ የአህያዋን የኋላ እግር ገጨው። እያነከሰች ይዘዋት ሲመጡ እኔ በራችን ላይ ቁጭ ብዬ የተማሪዎቼን ደብተር አርም ነበር።

«ምን ሊያደርጓት ነው?» አልኳቸው።

«ከከተማ ዳር እተዋታለሁ፤ ጅብ ይገላግላታል» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ካልተሸከመች ምን ትሠራልኛለች?»

ክፉ ሆነው አይደለም። አህያ እግሩ ሲሰበር ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። በሦስት ዓመቴ የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሬን አድክሞት በክራንች ነው የምሄደው። እኚሁ ሰው በየእሁዱ እጃቸውን ጭነውብኝ እንድድን ይጸልያሉ። ሳልድን ወደ ቤቴ ስመለስ ያሳፈርኳቸው ይመስለኛል።

«አባባ፣ እኔስ መሥራት ባልችል ኖሮ?»

ደነገጡ። «አንቺማ ሰው ነሽ፣ ኢንተላ ኮ!» በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሰው የሆንኩት ስለሠራሁ ነው?»

እኔም ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት። «በመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ንጉሥ የሟች ወዳጁን ልጅ ከማዕዱ አስቀመጠው የሚለውን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ልጁ እግሩ ሽባ ነበር። ዳነ የሚል ግን የትም አላነበብኩም፤ እንደዚያው ሆኖ ነው የበላው።»

ገመዱን ሳብ አድርገው አህያዋን አዞሯት። ከዚያ ተያይዘን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ እግሯን ዳሰሰና «ጅማቷ ነው የተጎዳው። ትኖራለች፤ ሸክም ግን አታስቡ» አለን።

ሽማግሌው የእጅ ጋሪ ተከራይተው ጆንያውን ራሳቸው መግፋት ጀመሩ። ሰፈሩ «አህያዋን ጡረታ አወጧት!» እያለ ሳቀባቸው። በቀጣዩ እሁድ ወደ እኔ ሲመጡ እጃቸውን አልጫኑብኝም። «ምን ልጸልይልሽ?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የእናቴን ሳል ነገርኳቸው።

አህያዋ ሁለት ክረምት ጓሯቸው ውስጥ ሣር ስትግጥ ኖረች። የሞተች ዕለት ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ሲቆፍሩላት አገኘኋቸው።

«እንስሳም ከሞት ትነሣለች ይላሉ?» አልኩ።

ላባቸውን ጠረጉ። «እንጃ ልጄ። የፈጠራት ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ለጅብ አለመስጠቴን ነው።»

ክራንቼን አጥሩ ላይ አስደግፌ አፈሩን በእጄ እየዘገንኩ አብሬያቸው ወደ ጉድጓዱ መለስኩ።