አባቴ የፈራው የጥርስ ሳሙና

አባቴ ፎቶ አንሺ ነው። ሠፈሩ በሙሉ «ከንፈር ገጠም» እያለ ይጠራዋል። ሌላው ፎቶ አንሺ ደንበኛውን «ፈገግ በሉ» ሲል፣ እሱ «ከንፈራችሁን ገጠም አድርጉ!» ይላል። ሙሽራም ሁን ተመራቂ፣ አይምርህም። ሰው ኮስታራ ስለሆነ ይመስለዋል። እኔ ግን ልጁ ነኝና አውቃለሁ፤ ነጭ ጥርስ ማየት ያመዋል።

ያደገበት ከተማ የሚጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ነበር። ውኃው ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ከልክ በላይ ስለነበረበት፣ የዚያ ከተማ ልጅ ሁሉ ጥርሱ በልዞ ነው የሚወጣው። አባቴም የበለዘ ጥርሱን ይዞ ወደዚህ መጣ። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይከልላል። እናቴን ያጨ ሰሞን ቤተሰቦቿ ራት ጋብዘውት፣ ማኘክ አፍሮ ጦሙን ተመለሰ ይባላል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ስታወራ በሳቅ ትሞት ነበር። እሱ አንድም ቀን አብሯት አልሳቀም። በሠርጉ ዕለት ሳያስበው ሲስቅ የተነሳውን ፎቶ እንኳ፣ በቀጭን ብሩሽ ጥርሱን ነጭ ቀለም ቀብቶታል።

ከባሌ ተለያይቼ ልጄን ይዤ አባቴ ቤት የገባሁት እሷ ሦስት ዓመቷ ላይ ነው። የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ የምወጣው ሳይነጋ ስለሆነ ልጅቷን ቀስቅሶ፣ አጥቦ፣ ጥርሷን አስቦርሾ ፎቶ ቤቱ ይዟት የሚውለው እሱ ነው። አያያዙን አላማም፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። የተጣላነው በጥርስ ሳሙና ነው። የጥርስ ሐኪሟ ፍሎራይድ ያለበትን የልጆች ሳሙና እንድንጠቀም ነግራኝ ገዝቼ ስመጣ፣ አባቴ የፎቶ ማያ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ቱቦውን ማገላበጥ ጀመረ።

«ምን ይላል እዚህ ጋ? ‹እንዳይዋጥ ይጠንቀቁ› ይላል። እንዳይዋጥ የተባለ ነገር ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል?»

«አባዬ፣ የአተር ፍሬ የምታህል እኮ ናት። እሱንም ትተፋዋለች።»

«እኛንም ውኃ ነው ብለው ነው ያጠጡን!»

ስልኩ ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ ሆነ። አንዱ «አእምሮ ያደነዝዛል» ብሎ ይልክለታል፣ ሌላው «ሐኪሞቹ ሆን ብለው ደብቀውን ነው» ይላል። ላኪዎቹን አንዳቸውንም አያውቃቸውም፤ ግን ከእኔ ይልቅ እነሱን ያምናል። ስንጨቃጨቅ ከርመን አንድ ቀን ዝም አለ። አመነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ሞኟ!

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ፎቶ ቤቱ መስኮት ጋ አቁሞ ጥርሷን በአጉሊ መነጽር ማየት ልማዱ ሆነ። ቡናማ ነጥብ ነው የሚፈልገው። ጎበዝ ሆና አፏን ስለከፈተችለት፣ ለሕፃናት ደንበኞች ማባበያ ከሚያስቀምጠው ከረሜላ ይሰጣታል። ከረሜላ አያስፈራውማ!

አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል።

«ነይ እይ! ድዷ ሥር እንዴት እንደነጣ! ኖራ እኮ ነው የሚመስለው!»

አየሁ። እውነትም የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ሥር ድፍን ነጭ መስመር ነበር።

«ይኸው! የፈራኸው ሳሙና አነጣልህ» አልኩት። መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ያን ዕለት ሦስታችንም ደስ ብሎን ተኛን።

አምስት ዓመት ሲሞላት ከንፈሯ አብጦ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነሥቷት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ አፏን ከፍታ አየች። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች እስከ ሥራቸው ተበልተዋል።

«በምንድን ነው የምታስቦርሿት?»

«እርስዎ ባዘዙልኝ ነዋ! ማታ ማታ እኔው ራሴ ነኝ የማቦርሻት።»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በር ጥግ ቆሞ ነበር። «ያ አይደለም» አለ።

ለካ ሐኪሟ ያዘዘችውን ሳሙና በገዛሁ ቁጥር፣ እሱ የቱቦውን ቂጥ ቆርጦ ውስጡን ይደፋዋል። ፍሎራይድ የሌለበትን ይሞላና ጠርዙን በጋለ ካውያ ያጣብቀዋል። ከረሜላውንም ሳይደብቅ ተናገረ።

ሐኪሟ አልጮኸችበትም። «አባት፣ የፈሩት ነገር ውሸት አይደለም። እርስዎን የጎዳዎት ከልጅነትዎ ጀምሮ የጠጡት ብዛት ነው። ይሄ ግን ጥርሱን ነክቶ የሚተፋ ትንሽ ነገር ነበር።»

«ነጥቶ ነበር እኮ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ አባቴ። «ድዷ ሥር ኖራ መስሎ ነበር።»

«መጀመሪያው እሱ ነው። ጥርስ መበላት ሲጀምር እንደዚያ ይነጣል። ያኔ ብታመጧት ኖሮ፣ በዚያው ሳሙናና ከረሜላውን በማስቀረት ይመለስ ነበር።»

አባቴን እናቴን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ ተሰብሮ አላየሁትም። አላዘንኩለትም። በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ የወለደኝን፣ ያሳደገኝን ሰው ጠላሁት።

«ዕድሜ ልክህን የሰው ፊት በአጉሊ መነጽር ስታይ ኖረህ፣ የልጄን ማየት ያቅትህ?» አልኩት።

አደንዝዘው አራቱንም ነቀሏቸው። እኛ ደጅ ነበርን። ልጄ አፏ ውስጥ ጥጥ ተጠቅጥቆ፣ አገጯ ላይ ደም ደርቆ ወጣች። እጄን ዘረጋሁላት፤ በአጠገቤ አልፋ ወደ እሱ ሄደች። ኮቱን ጎትታ ዝቅ ካደረገችው በኋላ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት ጆሮው ሥር ተንተባተበች፦

«አያዬ፣ ስለ ሳሙናው ለማንም አልተናገርኩም።»

አባቴ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ቀድሜ አነሳኋት። «አያዬ!» ብላ ጮኸች። ልጄን ተሸክሜ ወጣሁ፤ እሱን ዞር ብዬም አላየሁት።