የጥላነሽ ስም

ዓደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን ገበያ ገብታችሁ ጥላነሽን ብትጠይቁ የሚያውቃት የለም። «ኡም ሪም» በሉ እንጂ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ደጇ ድረስ ይሸኛችኋል። እዚያ ሰፈር ጨዋ ወንድ ሚስቱን ሰው ፊት በስሟ አይጠራም፤ በልጇ ስም «የሪም እናት» ይላታል። ባሏ ሙንተሰርም እንደዚያው ነበር። ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ የተበላሸ ማራገቢያ የሚጠግን ሰው ነው። በሩ ሲዘጋ ግን «ጥላነሽ!» ይላል። ዓደን ውስጥ በአማርኛ የሚያወራት እሱ ብቻ፣ በስሟ የሚጠራት እሱ ብቻ። ልጃቸው ሪም እንደሆነች ጅዳ አግብታ ቀርታለች።

ቃላት ከአፉ መጥፋት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆነ። «ያንን... ያንን ነገር አምጪ» ሲል መፍቻውን ታቀብለዋለች። እጁ ግን ሥራውን ወላሂ አልሳተም! ደንበኛ ሲያናግረው እሷ ቀድማ ትመልሳለች። ምን ታድርግ፣ የባሏን ገመና ሸፈነች። ሲብስበት ግን ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ዶክተር ራኒያ ቋንቋ እየከዳቸው ስለሚሄዱ ሰዎች የምታጠና ወጣት ሐኪም ናት። ሥዕል እያሳየች በዓረብኛ ትጠይቀዋለች፣ ጥላነሽ በአማርኛ ትደግምለታለች። ቁልፍ፤ «ያ ነገር» አለ። ግመል፤ «እንስሳ» አለ። ጥላነሽ መልሱ ሊያመልጣት ሲል፣

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ እባክሽ አትርጂው» አለቻት ዶክተሯ። «መርሳት ብቻ አይደለም፤ የቃሉ ትርጉም ራሱ ነው የሚጠፋበት። መድኃኒቱን ገና አላገኘንም።» ከዚያ ከመጠይቁ አነበበች፦ «ለመጨረሻ ጊዜ በስምሽ የጠራሽ መቼ ነው?»

«ሁልጊዜ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። ባለፈው ረመዳን? ከዚያ በፊት? ቤት ውስጥም «ኡም ሪም» ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜው! እሷ እኮ በእርጅናው አከበረኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ኧረ የሷስ ሞኝነት!

«አላስታውስም» አለች። እንባዋ መጣ።

ቤት እንደገቡ በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ፈርታለች። እሱ ከረሳው፣ በዚህ ሁሉ ከተማ ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም።

«እስቲ ጥላነሽ በለኝ» አለችው።

«ጥላነሽ» አለ፣ አጥርቶ። ደስታው ሊገድላት ነበር።

እሱ ግን ከሚፈታው የማራገቢያ ሞተር ቀና ብሎ፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግር በትሕትና፣ «ጥላነሽ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት።

«የሴት ስም ነው» አለችው።